ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ምን እንይ?

«ሰላም ጋሼ። ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አማቴ የቱርክ ድራማቸውን ያያሉ። ልጆቹ ተኝተው 3 ሰዓት ሲሆን ሪሞቱ እኔና ባለቤቴ እጅ ይገባል። ያቺ አንድ ሰዓት ግን ‹ምን እንይ› በሚል ክርክር ታልቃለች። እሱ ጥይት የሚተኮስበት ይፈልጋል፤ እኔ ሰው የሚያወራበት። ከዚያ እሱ ወደ ስልኩ፣ እኔም ወደ ስልኬ። ሥራ ቦታ ደግሞ ምሳ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ተከታታይ ፊልም ነው። ‹ይሄንንም አላየሽም?› እያሉ ያሸማቅቁኛል። አራት ጀምሬ አራቱንም ትቻለሁ። እስከ መጨረሻው ያየሁት ጌም ኦፍ ትሮንስን ብቻ ነው። የሱም መጨረሻ አንጀቴን አሳረረው፤ ስምንት ሲዝን ሙሉ የተበላሁ ነው የመሰለኝ። እውነት ጊዜ ቢሰጣቸው የማያስቆጩት የትኞቹ ናቸው?
ሪሞት ያጣችው፣ ከሰሚት»

እህቴ፣ ሪሞት ያጣሽው፣

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይህቺ ልጅ እኛ ቤት ነው እንዴ የምትኖረው?» አለችኝ። ባለፈው ሐሙስ እኔና እሷ 40 ደቂቃ ሙሉ ፊልም ስንመርጥ ቆይተን፣ ምንም ሳንመርጥ ዜና አይተን ተኝተናል። ስለዚህ የምነግርሽ እኔም የደረሰብኝን ነው።

ከምሳ ጓደኞችሽ ልጀምር። ሰው ተከታታይ ፊልም ሲጠቁምሽ «አሪፍ ነው፣ ሱስ ያስይዛል» ይልሻል እንጂ ስንት ምሽትሽን እንደሚበላ አይነግርሽም። አንቺ ያለሽ በቀን አንድ ሰዓት ነው። መብራት የሚጠፋበትን፣ እንግዳ የሚመጣበትን፣ አንዳችሁን ሶፋው ላይ እንቅልፍ የሚጥልበትን ምሽት ስትቀንሺ በሳምንት አራት ሰዓት ቢተርፍሽ ነው። የባንክ ሰው ነሽና እስቲ አስቢው። ጌም ኦፍ ትሮንስ 73 ክፍል ነው። በሳምንት አራት አራት ብታዩ ከአራት ወር በላይ ይፈጃል። ለደንበኛ ብድር ስትሰጡ መቼ እንደሚመለስ ሳትጠይቁ ትሰጣላችሁ? እኔም አሁን አሁን አንድ ተከታታይ ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አልቋል ወይ? ስንት ክፍል ነው? ታሪኩን የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

«የተበላሁ ነው የመሰለኝ» ያልሽው ነገር መነሻ አለው። ጌም ኦፍ ትሮንስ የተሠራው ከጆርጅ አር. አር. ማርቲን መጻሕፍት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን አምስተኛው በ2011 ወጣ። ተከታታዩ በቴሌቪዥን የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ስድስተኛው መጽሐፍ እየተጠበቀ፣ ፊልሙ በየዓመቱ ሲገሰግስ፣ መጻሕፍቱን አልፏቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጉዞ ካርታው ያለቀበት ሹፌር ጉዞ ነው። ይባስ ብሎ እስከ ስድስተኛው ሲዝን አሥር አሥር ክፍል የነበረው በሰባተኛው 7፣ በስምንተኛው 6 ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ሲዝን የሚፈጅባቸው ሰዎች፣ መጨረሻ ላይ ሚኒባስ ያገኙ ይመስል ከተፍ ይላሉ። አንቺ የተናደድሽው በዚህ ነው፤ የማየት ችሎታ አንሶሽ አይደለም። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሲዝኖች ስታዪ የተደሰትሽው ደስታ አይወሰድብሽም። እሱን ኪሳራ ውስጥ አታስገቢው።

እኔ መጀመሪያ የተበላሁት በፕሪዝን ብሬክ ነው። በሚሊኒየሙ ሰሞን ሰፈራችን አንድ ሲዲ ማከራያ ነበር። ወንድሙን ከሞት ለማዳን ሆን ብሎ የታሰረውን፣ የእስር ቤቱን ፕላን ገላው ላይ የተነቀሰውን ማይክል ስኮፊልድን የማያውቅ ጎረምሳ አልነበረም። ሲዲው በወረፋ ነበር የሚገኘው። ሃያ አንደኛው ክፍል ላይ ደረስኩ። ሰዎቹ ከሕክምና ክፍሉ መስኮት ወጥተው፣ ሽቦ ላይ ተንጠልጥለው፣ ወደ ትልቁ ግንብ እየተሳቡ ነው። ልክ እዚያ ጋ ሲዲው ቆመ። ተጭሯል። በጥርስ ሳሙና ጠረግኩት፣ በካናቴራ ወለወልኩት፤ ሰውዬው ሽቦው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አከራዩ ዘንድ ብመለስ «ወስደህ አንተ ነህ የጫርከው» ብሎ መያዣዬን አስቀረብኝ። ሰዎቹ ማምለጣቸውን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከማላውቀው ልጅ ነው።

ዋናው መበላት ግን ሲዲው አልነበረም። የፊልሙ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ያመልጣሉ ወይስ አያመልጡም? የመጀመሪያው ሲዝን ላይ መልሱ ተገኘ። እዚያ ጋ ተጨባብጦ መለያየት ይገባ ነበር። ግን ተመልካች ነበረው፤ ተመልካች እስካለ ድረስ ማን ያቆማል? ሁለተኛው ሲዝን ላይ ሲሸሹ ከረሙ። ሦስተኛው ላይ ተመልሰው ሌላ እስር ቤት ገቡ፣ ያውም ፓናማ! አራተኛውንም አየሁት፤ ለምን እንዳየሁት ግን እስካሁን አልገባኝም።

ይሄ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። በማስታወቂያ የሚኖሩት ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች በዓመት 22 ወይም 24 ክፍል እያሠሩ፣ ተመልካች እስኪሸሽ ድረስ ታሪኩን ይጎትቱታል። ደራሲው መጨረሻውን አስቀድሞ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ዘንድሮ ይታደስ አይታደስ የሚለውን ስጋት ብቻ ነው። እንግሊዞች በፊት ጀምሮ ስድስት ክፍል ሠርተው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የኮሪያ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ 16 ክፍል አካባቢ ሆኖ እዚያው ተጠቅልሎ ያልቃል። ቱርኮቹ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። እዚያ አገር አንድ ድራማ በሳምንት አንድ ምሽት ይቀርባል፤ የአንዱ ክፍል ርዝመት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ለውጭ ሲሸጥ ነው ተቆራርጦ የእኛን የሚያህለው። ልጅቷ መስኮት ላይ ቆማ፣ ልጁ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ ሦስት ደቂቃ የሚተያዩት ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ሰዓት በምን ይሞላ?

እማማን በዚህ አትፍረጂባቸው። እንዲህ ያለ ድራማ ቡና እየተፈላ፣ ልብስ እየታጠፈ፣ ጎረቤት ገብቶ እየወጣ የሚታይ ነው። ከወጥ ቤት ተመልሰሽ ስትመጪ ምንም አያመልጥሽም። ይህ ጉድለቱ ሳይሆን የተሠራበት ዓላማ ነው። እናቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ሲከፈት ጥቁር ፍቅርን ከመጀመሪያው ጀምራ ስትከታተል፣ ተዋንያኑን በስም ሳይሆን በሰፈራችን ሰው ነበር የምትጠራቸው። «ያቺ የላይኛዋ ሰፈር ዛሬ ምን ሠራች መሰለህ» ትለኛለች። ገጸ ባሕሪዋን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳይ ከድራማው ይልቅ የእሷ ትንታኔ ይጥመኝ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ሰዓት እንምጣ። እኔ የምመክርሽ በቼርኖቤል እንድትጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። አምስት ክፍል ብቻ። አምስት! መብራት ካልጠፋ ሰኞ ጀምራችሁ አርብ ትጨርሳላችሁ።

ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ሌሊት በሶቪየት ኅብረት፣ የዛሬዋ ዩክሬን ውስጥ፣ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፈነዳ። መጨረሻውን እያወቅሽ እንኳ ጥፍርሽን ትበያለሽ። ለባለቤትሽ ጥይት የለም ብለሽ አታስፈራሪው፤ ከጥይት የባሰ አለ። አንቺን የሚይዝሽ ደግሞ ይሄ ነው። ጣቢያው ከፈነዳ በኋላ ጨረሩን ይለካሉ። መሣሪያው 3.6 ያሳያል። አለቃው 3.6 ይባላል፤ የበላዩም 3.6 ይባላል፤ እሱም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። «ጥሩ ባይባልም የከፋ አይደለም» ይላሉ። ጉዱ ምን መሰለሽ? መሣሪያው መለካት የሚችለው መጨረሻ 3.6 ነው። ከዚያ በላይ አያነብም። ቁጥሩ ግን ከታች እስከ ላይ እንደ እውነት ይወጣል፤ ማንም «መሣሪያው ስንት ድረስ ይለካል?» ብሎ አይጠይቅም። ሪፖርት ጽፎ ለአለቃ ያቀረበ ሰው ሁሉ ይቺን ትዕይንት ሲያይ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጡ አይቀርም። እኔ ተቁነጥንጫለሁ።

ሰዎቹ የሚያወሩት በሩሲያኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዛውያኑ ተዋንያን የሩሲያ ቅላጼ እንኳ አላስመሰሉም። መጀመሪያ ግር ይላል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትረሺዋለሽ። ኡላና ሆሚዩክ የምትባለው ሳይንቲስት በእውነት የነበረች ሰው አይደለችም፤ ብዙ ሳይንቲስቶችን እንድትወክል የተፈጠረች ናት። ዋናው ገጸ ባሕሪ፣ ሳይንቲስቱ ሌጋሶቭ፣ ግን በእውነት ነበረ። ከክፍል ሁለት በኋላ ስለ እሱ ጉግል እንዳታደርጊ፤ ብቻ ቆዪ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ከጣቢያው ሥር ጉድጓድ የሚቆፍሩት ማዕድን አውጪዎች ሙቀቱ ሲበዛባቸው ልብሳቸውን በሙሉ አውልቀው መቆፈር ይጀምራሉ። እማማ ውኃ ሊጠጡ ወደ ሳሎን ብቅ የሚሉ ከሆነ ሪሞቱን ከእጅሽ አትለዪ። ሁላችንም ያደግንበት ነገር ነው መቼም፤ ስክሪኑ ላይ ነገር ሲበላሽ አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እናት «ምድጃው ላይ ምን ጥጄ ነበር» ብላ ትነሳለች፣ ሪሞቱ ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ከሶፋው ሥር ገብቶ ይጠፋል። አራተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የሄዱ ውሾች የሚገደሉበት ቦታ አለ። ውሻ የምትወጂ ከሆነ እሱን ባለቤትሽ ይየው፣ አንቺ ሻይ አፍዪ።

ቼርኖቤል ከተመቻችሁ፣ ቀጥሎ ለሁለታችሁ የሚሆነው ብሬኪንግ ባድ ነው። 62 ክፍል ነው፤ ይሄኛው ትልቅ ብድር ነው። ግን ይመለሳል። ደራሲው ቪንስ ጊሊጋን ታሪኩን ከፍ ብሎ እያለ፣ ሰው ገና እየፈለገው፣ በአምስተኛው ሲዝን ዘጋው። በጣም ጥቂት ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ዋልተር ኋይት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ደመወዙ አልበቃ ብሎት ከትምህርት በኋላ መኪና እጥበት ይሠራል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ተንበርክኮ የአንድ መኪና ጎማ ይፈትጋል። ቀና ሲል የመኪናው ባለቤት የራሱ ተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ ሲረብሸው የዋለ ተማሪ። ልጁ ይስቅበታል። መምህር የሆነ ዘመድ ላለው ሰው ያቺን ሳቅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰውዬው ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው አደንዛዥ ዕፅ መሥራት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚያች ጎማ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩ። ባለቤትሽ ጥይቱን ያገኛል፤ አንቺም ባልና ሚስቱ እራት ጠረጴዛ ላይ እየተዋሹ ሲነጋገሩ ታገኛለሽ። የመጀመሪያው ሲዝን 7 ክፍል ብቻ ነው፤ ያኔ የአሜሪካ ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበሩ አጠረ። ለእናንተ ጥሩ ነው። ሰባቱን አይታችሁ ካልጣማችሁ ያለ ጸጸት ተዉት።

እኔ ለራሴ አንድ ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ዘ ዋየርን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 የቀረበ፣ 60 ክፍል። ቦታው ባልቲሞር ነው። ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ሁሉ በስም ያውቃታል፤ ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት አካባቢ ናት። ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን የከተማዋ ጋዜጣ የወንጀል ዘጋቢ ነበር። አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ ደግሞ እዚያው ከተማ መርማሪ ፖሊስ ነበረ፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ አስተማሪ ሆኗል። ስለዚህ የሚያወሩት ያዩትን ነው። በየሲዝኑ የከተማዋን አንድ ክፍል እያነሱ ያሳዩሻል፤ ዕፅ የሚሸጥበትን ሰፈር፣ ወደቡን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጋዜጣውን። ፖሊሱም ሻጩም የበላይ አለቃ አለው፤ ሁለቱም ቁጥር ይጠየቃሉ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ያለችውን ላንሳልሽ። ዲአንጄሎ የሚባለው ወጣት ሁለት ትንንሽ የዕፅ ሻጮች የቼዝ መጫወቻ ላይ ዳማ ሲጫወቱ ያገኛቸዋል። ሳቅ ይለውና ቼዝ ሊያስተምራቸው ይቀመጣል። ንጉሡ ይሄ ነው፣ እሱ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ሁሉም እሱን ይጠብቃል። ንግሥቲቱ ደግሞ የፈለገችበት ትሄዳለች፣ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። እነዚህ ትንንሾቹ ወታደሮች ናቸው፤ ከፊት ይሰለፋሉ፣ ቶሎም ይሞታሉ። አንደኛው ልጅ፣ ቦዲ፣ ወታደሩ እስከ ዳር ከደረሰ ንግሥት እንደሚሆን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። «እንግዲያው እኔ ዳር ከደረስኩ የበላይ እሆናለሁ ማለት ነው» ይላል። ዲአንጄሎ ግን ንጉሡ ንጉሥ ሆኖ እንደሚቀር ይነግረዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ማንም ማንንም አይተኩስም። አምስቱ ሲዝን ግን እዚያች ሰሌዳ ላይ ተቀምጧል፤ ከመጨረሻው በኋላ ተመልሰሽ ስታያት ሆድሽ ይባባል።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ዘ ዋየር ለመጀመር ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ላይ ማን ማን እንደሆነ አይገባሽም፤ አራዳ ቋንቋቸው ደግሞ እንግሊዝኛ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ሰው ራሱ ያደናግራል። ሰብታይትሉን አብሪው፤ አያሳፍርም። ስድቡ እንደ ጉድ ነው። እማማ በቤት ካሉ ድምፁን ቀንሱት። ደብዳቤሽ ላይ አራት ጀምሬ ተውኩ ብለሻል፤ አንዱ ይሄ ከነበረ አልፈርድብሽም። ግን እንደገና ሞክሪው፤ በዚህ ጊዜ ስድስተኛውን ክፍል ሳታዪ አትፍረጂ።

ለአንቺ ብቻ፣ ባለቤትሽ ኳስ በሚያይባቸው ምሽቶች በስልክሽ የምታዪው፣ ቦርገን አለ። የዴንማርክ ነው። ቢርጊተ ኒቦር የምትባል ሴት ሳታስበው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሆናለች። ሚኒስትሮች ሹማ፣ ጥምር መንግሥት አቋቁማ፣ ማታ ስትገባ ልጇ የቤት ሥራ ይጠብቃታል፣ ባሏም የራሱ ሥራ አለው። ሁለት ቦታ የምትፈለግ ሴት ቤቷ ስትገባ በሩ ላይ ምን እንደምትመስል በደንብ ያሳያል፤ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ቦርገን ማለት ቤተ መንግሥት ማለት ነው፤ ፓርላማውም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትም ያለበት ሕንፃ ነው በዚህ ስም የሚጠራው። ድራማው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በዓመቱ በ2011 ዴንማርክ በታሪኳ የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሄለ ቶርኒንግ ሽሚትን፣ አገኘች። ድራማው ቀደማቸው። ሦስቱ ሲዝኖች አሥር አሥር ክፍል ናቸው። ከዓመታት በኋላ በ2022 አንድ ሲዝን ጨምረዋል፤ እሱን ባታዪውም ታሪኩ አይጎድልብሽም።

የምሳ ጓደኞችሽን አፍ ለማዘጋት ደግሞ የስኩዊድ ጌምን የመጀመሪያ ሲዝን እዪ። 9 ክፍል ነው። ዕዳ ያንገላታቸው 456 ሰዎች ለገንዘብ ብለው የልጆች ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይሞታል። ደም ይበዛል፤ ልጆቹ ሳይተኙ እንዳትከፍቺው። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ህዋንግ ዶንግ ህዩክ ጽሑፉን ይዞ አሥር ዓመት ያህል የሚሠራለት ሲያጣ ቆይቶ ነው የተሳካለት። ስድስተኛው ክፍል ላይ የሚጫወቱት ብይ ነው። የኛው ብይ! መሬት ላይ ተቀምጠው፣ በጭብጣቸው ይዘው፣ «ጎዶሎ ነው ሙሉ?» ይባባላሉ። በልጅነቱ ብይ ተጫውቶ ኪሱ ባዶ የቀረ ሁሉ ያንን ክፍል ሲያይ የሆነ ቦታ ይነካዋል። ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ያለውን አልመክርም። ፕሪዝን ብሬክን አስቢ።

የእኛዎቹን ረሳኋቸው እንዳትዪኝ። እውነቱን ለመናገር የእኛ ተከታታይ ድራማ ዋና ችግሩ ማለቅ አለመቻሉ ነው፤ ስፖንሰር እስካለ ይቀጥላል። ግን እማማን ጨምሮ ሁሉም አንድ ላይ የሚስቅበት ነገር ከፈለጋችሁ ምን ልታዘዝን ያህል አላየሁም። አንድ ካፌ ውስጥ የሚገቡና የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ የአገር ጉዳይ በማኪያቶ ዋጋ ይወራል። ዩቲዩብ ላይ ፈልጊው። ሰው ለሰውንም የድሮ ትዝታ ላለበት ሰው እመክራለሁ። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያህል የተጠላ ሰው በቴሌቪዥናችን ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አንድ ተዋናይ እንደዚያ ከተጠላ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ነው። እማማን «አስናቀን ያስታውሱታል?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ፊታቸውን እዪ።

ልጆቹስ ካልሽ ብሉይ። የአውስትራሊያ ካርቱን ነው፤ ውሻ እናት፣ ውሻ አባት፣ ሁለት ቡችላ ልጆች። መጽሐፍ ቅዱሱ ብሉይ አይደለም፤ የልጅቷ ስም ነው። አንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ነው። «አንድ ብቻ እንይ» ሲሉሽ ሳትፈሪ እሺ የምትዪው እሱን ነው። ባለቤትሽን አብሮ አስቀምጪው። እኔ አንዱን ክፍል ከእህቴ ልጆች ጋር ሳይ ዓይኔ ውስጥ ሽንኩርት ገባ። ሽንኩርት በቤቱ አልነበረም።

አሁን ክርክሩን በተመለከተ አንድ ተግባራዊ ነገር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አትምረጡ። ያን ሰዓት ሁለታችሁም ደክማችኋል፤ የደከመ ሰው አይመርጥም፣ ይነጫነጫል። እሑድ ከሰዓት ምረጡና ለሳምንቱ ይለቅ። አንድ ተከታታይ አንቺ፣ ቀጣዩን እሱ። የመረጠው ሰው ያላለቀ ወይም ከ10 ክፍል በላይ የሆነ ነገር ሊያመጣ ከፈለገ ሌላኛው ይፍቀድለት። ስልኮቻችሁንም ቻርጅ ማድረጊያው ጋ፣ መኝታ ቤት፣ ተዉአቸው። ይሄን የምለው ደብዳቤሽ ውስጥ «ከዚያ እሱ ወደ ስልኩ፣ እኔም ወደ ስልኬ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ስላነበብኳት ነው።

ስለዚህ ሰኞ፣ 3 ሰዓት፣ ቼርኖቤል። ባለቤትሽ እስከ ረቡዕ ሳያንኮራፋ ከቆየ ብሬኪንግ ባድን አስጭኚ። ካንኮራፋ ጻፊልኝ፤ ለሚያንኮራፋ ባል የሚሆን ሌላ አለኝ።